ጋሽ ወለል፣ የዳንስ ቡድኑ አናጢ

በክፍለ ሀገሩ የዳንስ ቡድን ውስጥ የሰውየውን የመዝገብ ስም የምታውቀው ደመወዝ ከፋይዋ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ «ጋሽ ወለል» ነው የሚለው። ሙያው አናጢነት ነው፤ ነገር ግን ጠረጴዛ ወይም ቁም ሳጥን ከሠራ ብዙ ዘመኑ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው የሚደንስበትን ወለል።

እዚያ የገባው ሳያስበው ነው። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከአባቱ ጋር በሚሠራባት ጠባብ የእንጨት ሥራ ቤት በር እየላገ ሳለ አንድ ቀጭን ሰው ፍቅፋቂውን እየረገጡ ገቡና «የሚያለቅስ ጣውላ አለኝ፤ ዝም የሚያሰኝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አሉ። አባትና ልጅ ተያዩ። አባትየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሂድና እየው፤ ሰውየው ቢያብድ እንጨቱ አላበደም» አለው።

ሰውየው የዳንስ ቡድኑ መሥራች ነበሩ። ሁሉም «መምህር» ነው የሚላቸው። መድረካቸው ላይ ሰው በረገጠው ቁጥር ሲጥ የሚል ጣውላ ነበረ፤ የቱ እንደሆነ ግን ማንም ሊያገኘው አልቻለም። ጋሽ ወለል (ያኔ ገና ጋሽም ወለልም አልነበረም) መዶሻውን ይዞ ሊንበረከክ ሲል አስቆሙት።

«ጫማህን አውልቅ።»

«ለምን?»

«ወለል በእጅ አይታወቅማ!»

አወለቀ። በካልሲው ቀዳዳ አውራ ጣቱ ብቅ ብላ ስለነበር ጥግ ላይ ሰውነታቸውን የሚያፍታቱት ዳንሰኞች ሳቁ። እሱ ግን ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰ። በአራተኛው ከግራ ተረከዙ ሥር አንዲት ጣውላ እንደ ላላ ጥርስ ስትነቃነቅ ተሰማችው። ነቀላት፣ ከሥሯ ሽብልቅ አስገባላት፣ መልሶ መታት። ዝም አለች። መምህር ላይዋ ላይ ደጋግመው ዘለሉባትና «ነገም ና» አሉት። ነገ ሄደ። ከነገ ወዲያም ሄደ። ብዙም ሳይቆይ አባቱ «ልጄን ዳንስ ወሰደብኝ» እያለ ለጎረቤት ማማት ጀመረ።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ቡድኑ በየከተማው እየዞረ ነው የሚያሳየው፤ ጋሽ ወለል የጭነት መኪናውን ራሱ ይነዳና ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። አዳራሹን ያስጠርጋል። በካልሲ ከጥግ እስከ ጥግ ይሄዳል፤ ብቅ ያለች ሚስማር ካለች ታገኘዋለች፣ እሱም ያገኛታል። ከዚያ መድረኩን የሚሸፍነውን ስምንት ጥቅል ጥቁር ላስቲክ ይዘረጋል፣ መጋጠሚያውን በሰፊ ፕላስተር ያሽጋል፣ በመዳፉ ይዳብሰዋል። ሲጨርስ መሃል ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ይዘላል። ይህ ሰው አሁን አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሆዱም ወደ ፊት ገፋ ብሏል፤ ስለዚህ ያቺን ዝላይ ለማየት ዳንሰኞቹ ሻንጣቸውን እየጣሉ ይሮጣሉ።

ደግሞ ደብተር አለው። ባለ ሃምሳ ሉክ የተማሪ ደብተር ነው፤ እስካሁን አሥራ አራት ሞልቷል። በየከተማው ያለውን ወለል ጠባይ ይጽፍበታል። «የመምህራን ክበብ፦ ወደ ግራ ያጋድላል። የሚሮጥ ሰው ሳያውቀው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይነገራቸው።» «የድሮው ሲኒማ ቤት፦ ጥሩ ጣውላ፣ ክፉ ዘበኛ።»

ባለቤቱ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ትዳራቸው ትርዒት ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ነይ እንሂድ ባላት ቁጥር መልሷ ያው ነው፤ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ አርባ ልጅ ሲወድቅና ሲነሳ ሳይ እውላለሁ። ደግሞ ለዚያ ቲኬት ልቁረጥ?»

ባለፈው ዓመት መምህር በቃኝ አሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ቦርዱ አዲስ የጥበብ ዳይሬክተር ፍለጋ ወጣ፣ ከሩቅም ከቅርብም ማመልከቻ መጣ፣ ወሬውም በየልብስ መቀየሪያው ናኘ። አንዱ «ዳንስ አያውቅም፣ ሥራ አመራር የተማረ ነው የሚያመጡብን» ይላል፤ ሌላው «ግማሾቻችንን ሊያሰናብት ነው» ይላል። በመጨረሻ አንድ ጠዋት የቦርዱ ሰብሳቢ ወረቀት ይዞ ወደ ልምምድ አዳራሹ መጣ። የተመረጠችው ፌንጣ ነበረች።

ፌንጣን ፌንጣ ያላት ራሱ ጋሽ ወለል ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ቡድኑን ስትቀላቀል መሬት ላይ ከምትቆየው አየር ላይ የምትቆየው ይበልጥ ነበር። ሃያ አራት ስትሞላ በአንድ ትርዒት ላይ ጉልበቷ ተጎዳና መደነስ አቆመች። ራቅ ወዳለ ከተማ ሄዳ ዳንስ ማቀናበር ተማረች፤ አሥራ አምስት ዓመት ቆይታ ነው አሁን በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ የተመለሰችው።

በማግሥቱ ጋሽ ወለል ኮሪደሩ ላይ ሲያገኛት ኮፍያውን አውልቆ «እንደምን አደሩ?» አላት።

እሷ ዞራ ከኋላዋ ማን እንዳለ አየች። ማንም የለም።

«ጋሼ፣ ማንን ነው?»

«እርስዎን ነዋ። ዳይሬክተር አይደሉ?»

«በሞትኩት! ጠመዝማዛው መንገድ ላይ ሲያስመልሰኝ ግንባሬን ስትይዝልኝ የነበርከው ሰውዬ፣ ዛሬ ነው እርስዎ የምትለኝ?»

«ወግ ነው፤ ወግ ይጠበቃል።»

ተደራድረው ተስማሙ፤ ሰው ፊት እርስዎ፣ ወለል ላይ አንቺ። ስምምነቱ ሁለት ቀን አልቆየም፤ እሷ ከወለል ላይ የምትነሳ ሴት አይደለችም።

የአዲሱን ወቅት እቅድ ስታሳውቅ ዳንሰኞቹ በክብ ተቀምጠው ነበር። ሰባት ከተማ፣ ሦስት ሥራ። አንደኛው ከመምህር የድሮ ሥራዎች የሚታደስ፣ ሁለተኛው ከዳንሰኞቹ ሁሉ ረጅሙ የሆነው ያቀናበረው፣ ሦስተኛው የራሷ፤ ስሙ «ፈትል»። የቡድኑ አዳራሽ ጣሪያ እየታደሰ ስለነበር መክፈቻው የሚሆነው በተዘጋው የክር ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ነው።

«እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት የቆመችበት ቦታ ነው» አለች። «ማሽኖቹ ተነስተዋል። ወለሉ ግን አለ፤ ሊሾ ነው፣ በሴቶቹ እግር ብዛት እንደ መስታወት ሆኗል። እሱን መሸፈን አልፈልግም። እንዳለ እንደንስበታለን።»

በዚያው ቀን ከሰዓት ጋሽ ወለልን ይዛው ሄደች። መጋዘኑ ሰፊ ነው፤ ከላይ በተደረደሩት መስኮቶች ብርሃን ይገባል፣ ሲሚንቶውም በእርግጥ ያበራል። ማሽኖቹ የቆሙባቸው ቦታዎች ጠቆር ጠቆር ብለው ይታያሉ። ጋሽ ወለል ጫማውን አውልቆ ሄደበት። ቅዝቃዜው በካልሲው አልፎ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወጣ። ተረከዙን አንሥቶ ጣል አደረገ፤ ሲሚንቶው ምንም አልመለሰለትም።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ያምራል» አለ። እውነት ነው፣ ያምራል። ሌላ ቃል ግን አልተናገረም።

ቤቱ ሲገባ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ሳይበላው ቀረ። ባለቤቱ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ከመነጽሯ በላይ አየችው።

«ምን ሆነሃል? አንድ ዳቦ ሁለቴ አሰጠምክ።»

አባቱ በሕይወት ሳለ «ዝም አይነቅዝም» ማለት ይወድ ነበር፤ ጋሽ ወለልም በዚያው አድጎ በዚያው ኖሯል። የዚያን ቀን ግን አሥራ አምስት ዓመት የቆየውን አንድ ዝምታ ሲገልጠው ውስጡ ነቅዞ አገኘው። ለባለቤቱ ነገራት። ፌንጣ የተጎዳችበት ቀን የተደነሰው በአንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ላዩ ላይ ስስ ላስቲክ ብቻ። እሱ ጠዋቱን በካልሲ ሄዶበት አውቆታል። መምህር «እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁት ግን ፖስተሩ ተለጥፏል፣ ሰው ተጠርቷል፣ ማን ያስቀራል ብሎ «ደህና ነው» አለ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ስታርፍ ሰማ። ጉልበቷ ቀጭን እንጨት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ነበር ያሰማው፤ እንጨት ሲሰበር ደግሞ እሱ ያውቃል።

ባለቤቱ ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ ለእኔ ምን ታወራልኛለህ? ጉልበቱ የእሷ ነው።»

በነጋታው ማንም ሳይመጣ ልምምድ አዳራሽ ደረሰ። በመንገዱ ላይ የቡድኑ ወጌሻ ክፍል አለ፤ ወጌሻው ቀልደኛ ነውና በሩ ላይ «የእግር ወለምታ እዚህ ይታሻል። የአፍ ወለምታ አይታሽም» ብሎ ለጥፏል። ጋሽ ወለል በሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። የዚያን ቀን አነበበውና ሊመለስም ቃጣው።

ፌንጣ ብቻዋን ነበረች፤ ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ የቀኝ ጉልበቷን ታሻለች። እርስዎም አንቺም ሳይመርጥ ጀመረ። የገበያ አዳራሹን ነገራት፣ ካልሲውን ነገራት፣ «ደህና ነው» ያለውን ነገራት። ሲጨርስ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ከኪሱ ሜትሩን አውጥቶ ይስብ ይለቅ ጀመር።

ፌንጣ ጉልበቷን ማሸት አቆመች።

«ጋሼ፣ እኔ የማላውቅ መስሎህ ነው? የዚያን ቀን ጠዋት ስለማመድ ተረከዜ ነግሮኛል። ሁላችንም አውቀን ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ጉልበት የሚያልቅ ነገር ነው ያለኝ የለም።»

«እኔ ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

«አዎ፣ ይገባ ነበር» አለች። አልተቆጣችም፣ አላባበለችውም። «አሁንስ? ልትነግረኝ የመጣኸው የድሮውን ብቻ ነው?»

«የመጋዘኑም ያው ነው። አሥራ አንድ ልጆች አሉሽ። እዚያ ላይ ከዘለሉ ወቅቱ ሳያልቅ ግማሾቹ ወጌሻው በር ላይ ይሰለፋሉ።»

«ሊሾውን ግን ልሸፍነው አልፈልግም።»

«እኔ ደግሞ እንድታዘልያቸው አልፈልግም።»

ሁለቱም አንገተ ደንዳና ናቸው። ያን ጠዋት ሙሉ ተከራከሩ፤ ዳንሰኞቹ መጥተው ሰውነታቸውን ሲያፍታቱም አላቆሙም። በመጨረሻ መሃሉ ላይ ብቻ የእንጨት ወለል ሊሠራ፣ ዙሪያው ሲሚንቶ እንዳለ ሊቀር ተስማሙ። በሲሚንቶው ላይ መቆምና መራመድ ብቻ፤ መዝለል የፈለገ እንጨቱ ላይ ይወጣል። ፌንጣ ይህን ስትሰማ (ወይም ስትናገር፤ ሐሳቡ የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ) ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ዳንሰኞቹ፣ የክር ሠራተኞቹ ሴቶች ለዓመታት እንደቆሙት፣ በሲሚንቶው ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ አንዷ እግሯን እንጨቱ ላይ ታደርጋለች። «ፈትል» በዚያች ደቂቃ ሌላ ሥራ ሆነ።

«ስንት ቀን ትፈልጋለህ?»

«ሃያ አንድ።»

መክፈቻው ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረው። የቦርዱ ሰብሳቢ ሲሰማ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ፖስተር ታትሟል! የመጀመሪያ ወቅትሽ በመዘግየት ይጀመር?»

«በቃሬዛ ከሚጀመር ይሻላል» አለችው። «ፖስተሩን እኛ እናስተካክለዋለን።»

እውነትም ዳንሰኞቹ ወፍራም እስክሪብቶ ይዘው በየግድግዳው እየዞሩ ቀኑን በእጃቸው ሰርዘው ጻፉ። ከተማው ውስጥ ያ ስርዝ ድልዝ ፖስተር ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ተወራለት። ሰው «ምን ተፈጠረ?» እያለ ጠጋ ብሎ ያነበው ነበር።

ጋሽ ወለል መጋዘኑ ውስጥ የሥራ ጠረጴዛውን ተከለ። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ከሞራሌ አርባ ስምንት ፍሬም ይሠራል፣ በእያንዳንዱ ሥር ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ይመታል፣ ላዩን ሁለት ድርብ ኮምፔንሳቶ ጣውላ ያለብሳል። ሰው ዘሎ ሲያርፍ ጎማው ረገብ ይላል፣ ኮምፔንሳቶው ወደ ላይ ይመልሰዋል። ዳንሰኞቹ ከልምምድ በኋላ እየመጡ በብርጭቆ ወረቀት ያሹለታል። ረጅሙ ዳንሰኛ በአንድ እግሩ ሦስት ደቂቃ ሳይነቃነቅ የሚቆም ሰው ነው፤ ሚስማር ግን ቀጥ አድርጎ መምታት አልቻለም።

«አንተ ልጅ፣ ምታ ያልኩህ ሚስማሩን ነው! ጣትህ ምን አጠፋ?»

«ጋሼ፣ አንተ መጀመሪያ በአንድ እግርህ ቆመህ አሳየኝ።»

ጋሽ ወለል መዶሻውን አስቀምጦ በአንድ እግሩ ቆመ። እስከ አራት ቆጠሩለት። ከዚያ የኮምፔንሳቶ ክምር ላይ ተቀመጠና ሁሉም እስኪያስላቸው ሳቁ።

በሃያኛው ቀን አለቀ፤ አንድ ቀን ተርፎታል። ያችን ቀን ምን እንዳደረገባት ቢጠይቁት «ተኛሁባት» ነው የሚለው፤ ወለሉ ላይ ማለቱ ነው። ጋደም ብሎ ጎኑን ሲያገላብጥ የትኛው ፍሬም ከየትኛው ከፍ እንደሚል በጀርባው ያውቃል፤ እንቅልፍም ወስዶት ነበር።

መክፈቻው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነበር፤ ፌንጣ የመስኮቶቹን ብርሃን ስለፈለገችው። የፊተኛው ረድፍ ለድሮዎቹ የክር ሠራተኞች ተጠብቆ ነበር። ሃያ ስድስት ሴቶች መጡ፤ አንዳንዶቹ በምርኩዝ። የፌንጣ እናት መሃላቸው ነበሩ። የጋሽ ወለል ባለቤትም ሁለት አስተማሪ ጓደኞቿን አስከትላ መጣች። «አርባ ስምንቱን ፍሬም ነው የማየው፤ ዳንሱ አይመለከተኝም» ብላ አስጠንቅቃዋለች።

ጋሽ ወለል ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጋረጃ ኋላ ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀመጠ። መጋረጃ ስላልነበረ ምርጫም አልነበረውም። ዳንሰኞቹ ገብተው በሲሚንቶው ላይ፣ ጠቆር ባሉት የማሽን ቦታዎች፣ ቆሙ። ረጅም ጊዜ ቆሙ። እጃቸው ብቻ ይሠራል፤ ክር ያነሳል፣ ያስራል፣ ይበጥሳል። ከፊት ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ድምፅ አውጥታ «ግራ እጇን አላጠፈችም» ስትል ጎረቤቷ «ተያት፣ አዲስ ናት» አለቻት፤ መጋዘኑ በሙሉ ሳቀ፣ ዳንሰኞቹ ግን እጃቸውን አላቋረጡም። ከዚያ ከዳንሰኞቹ አንዷ ወደ እንጨቱ ወጣች። ዘለለች። ጋሽ ወለል ዓይኑን ጨፈነ። ያረፈችበት ድምፅ ድም የሚል፣ የጠገበ ድምፅ ነበር። ሌላውም ዘለለ፣ ሦስተኛዋም፣ አሥራ አንዱም። ድም፣ ድም፣ ድም። ከዳንሱ ግማሹን ሳያይ ሰማው፤ ደስታው ግን ከማንም አላነሰም።

ሲያልቅ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ሴቶቹ ወንበራቸውን እየተዉ ወደ ሲሚንቶው ገቡ፤ እያንዳንዷ የራሷን ማሽን ቦታ ፈልጋ እየቆመች «እዚህ ነበርኩ፣ አንቺ እዚያ፣ ያቺ ከፊቴ» ይባባሉ ጀመር። የፌንጣ እናት ቦታቸውን አግኝተው ከቆሙ በኋላ ልጃቸውን ጠርተው «ያኔ እንዲህ ያለ እንጨት ቢያነጥፉልን ወገቤ ይህን ያህል ባላመመኝ» አሏት። ፌንጣ በጣቷ ጋሽ ወለልን አመለከተቻቸው። እሳቸውም መጥተው እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ምርቃት አወረዱበት፤ እሱ እሺም አሜንም ማለቱን ረስቶ ጫማቸውን ያይ ነበር።

ባለቤቱ መጨረሻ ላይ መጣች።

«እሺ፣ እንዴት ነበር?» አላት።

«አላለቅስም ብዬ ነበር» አለች። «ፍሬሞቹ ግን ጥሩ ናቸው።»

ከዚያ በኋላ ስድስት ከተማ ዞሩ። አርባ ስምንቱ ፍሬም በጭነት መኪናው እየተጫነ፣ እየወረደ፣ እየተገጠመ። ጋሽ ወለል አሥራ አምስተኛውን ደብተር ጀመረ። በሦስተኛው ከተማ መምህር በልጃቸው መኪና መጥተው ነበር። ትርዒቱ ሲያልቅ ምርኩዛቸውን ይዘው እንጨቱ ላይ ወጡ፣ ተረከዛቸውን ሁለት ጊዜ መቱበትና «ይህን በእኔ ጊዜ ለምን አልሠራህልኝም?» አሉት።

«እርስዎ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።»

መምህር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁለታችንም ደደቦች ነበርን» አሉና ክንዱን ይዘው ወረዱ። እስከ መኪናው ድረስ አልለቀቁትም።

ወቅቱ ሲያልቅ አሥራ አንዱም ዳንሰኞች በእግራቸው ነበሩ። ወጌሻው ሥራ ፈትቶ ክብደት ጨምሯል። ፌንጣ በቦርዱ ፊት የሚቀጥለውን ዓመት እቅድ ስታቀርብ የፕሮግራም ኮሚቴው አራት ሰው እንዲሆን ጠየቀች፤ እሷ፣ ረጅሙ ዳንሰኛ፣ የቡድኑ አስተዳዳሪ፣ አራተኛው ጋሽ ወለል። የቦርዱ ሰብሳቢ «አናጢው?» ሲል «አዎ፣ አናጢው» አለችው። ቦርዱም አጸደቀው።

ጋሽ ወለል በበኩሉ «እኔ ስለ ጥበብ ምን አውቄ?» እያለ ኮሚቴው ከሚሰበሰብባቸው ሰኞዎች በሁለቱ ተደበቀ። በሦስተኛው ባለቤቱ የታጠበ ሸሚዝ አልብሳ፣ ጸጉሩን በእጇ አስተካክላ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ከበር አስወጣችው። ሄደ። ከጠረጴዛው ጥግ ተቀመጠ። ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ እንግዳ ዳንስ አቀናባሪ ለመጪው ወቅት ያሰበውን እያስረዳ ነበር፤ እጁን እያወዛወዘ፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ መሻገር። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ መድረኩ በሙሉ ውሃ እንዲሆን እንደሚፈልግ ተናገረ። ውሃ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። አስተዳዳሪዋ ሳል ያዛት። ረጅሙ ዳንሰኛ ጣሪያውን አየ። ፌንጣ ፊቷን ወደ ጠረጴዛው ጥግ አዞረች፤ ሌሎቹም አዞሩ።

ጋሽ ወለል ከጆሮው ጀርባ እርሳሱን አወጣ።

«ስንት ሊትር?» አለ።